ለሶዶ ጋዜጣ ያነበቡ፣ ፊልም የተረኩ፦ የአቶ ደገፉ ባዳቾ ሻንቆ የሕይወት ታሪክ (1958–2009 ዓ.ም.)

አቶ ደገፉ ባዳቾ ከአባታቸው ከአቶ ባዳቾ ሻንቆ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሽታዬ ላቾሬ ጥር 14 ቀን 1958 ዓ.ም. በጉኑኖ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አዋላጇ «ይህ ልጅ ከማልቀሱ በፊት ተናገረ» ብላ እስክትሞት ትምል ነበር ይባላል። ይህን የነገሩን ግን ራሳቸው አቶ ደገፉ ስለሆኑ፣ እንደ ሌላው ወሬያቸው ሁሉ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በጉኑኖ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በዚያን ዘመን በጉኑኖ ጋዜጣ የሚገኘው ጨውና ስኳር ተጠቅልሎበት ነበር። ሕፃኑ ደገፉ እናታቸው ከሱቅ ሲመለሱ ስኳሩን ሳይሆን መጠቅለያውን ይሻሙ ነበር። ወረቀቱ ሁልጊዜ የተቀደደ ነውና ወሬው መሐል ላይ ይቆማል፤ የቀረውን እሳቸው ከራሳቸው ሞልተው ለወንድሞቻቸውና ለእህቶቻቸው ይተርኩታል። ቤተሰቡ የዓለምን ወሬ የሰማው እንዲህ ነው፤ ግማሹን ከጋዜጣ፣ ግማሹን ከደገፉ። አባታቸው አቶ ባዳቾ አንድ ቀን ሙሉውን ጋዜጣ ከአንድ መምህር እጅ አይተው ቢያስነብቡት፣ ልጃቸው ከነገራቸው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖባቸው ተመልሰው ወደ ልጃቸው መጡ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሶዶ ከተማ ከአክስታቸው ቤት ሆነው ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በጅምላ ንግድ በሚታወቁት፣ ቤተሰባቸው ከስልጤ መጥቶ ሶዶ በከተመው በአቶ ሳሊህ ኸይሩ ሱቅ በሠራተኝነት ተቀጠሩ። በሁለቱ መካከል የተጀመረው የአሠሪና የሠራተኛ ነገር ብዙም አልቆየም፤ ወንድማማች ሆነው ቀሩ። አቶ ሳሊህ ዛሬም እዚህ መሐላችን ይገኛሉ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት ታውጆ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን በፈሉበት ወራት፣ አቶ ሳሊህ ሳሙና እንዲያመጡላቸው አቶ ደገፉን አዲስ አበባ ላኳቸው። አቶ ደገፉ ከአውቶቡስ ወርደው መርካቶ ሲገቡ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነባል። ሊስትሮው ያነባል፣ ወያላው ያነባል፣ ጠጋ ብሎ የሰው ጋዜጣ በትከሻ በኩል የሚያነብ አለ። ትናንት በሹክሹክታ የሚወራው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ወጥቷል! እሳቸውም ልባቸው ጠፋ። የሳሙናውን ቦታ ጋዜጣ ሞልተው ሶዶ ገቡ። አቶ ሳሊህ ማዳበሪያውን ፈትተው ካዩ በኋላ፣ ወላሂ ጋዜጣ ልብስ ያጥባል ወይ ብለው ጠየቋቸው። አቶ ደገፉ ግን የሱቁን በረንዳ ጠርገው አንድ አግዳሚ ወንበር አወጡ፤ ጋዜጦቹን በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በረንዳው ሰው አልችል አለ። በማግስቱ አቶ ሳሊህ ራሳቸው ሁለተኛ አግዳሚ አስሠሩ።

በሶዶ ጋዜጣ ማከራየት የተጀመረው ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው በዚያ ቀን ነው። ሌላ ቀደምኩ የሚል ካለ ከአቶ ሳሊህ ጋር ይሟገት። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል። አንባቢው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ራፖር ጸሐፊው፣ ማመልከቻ ጽፎ የሚያድረው ሁሉ እዚያ ነበር። ደንብም ነበራቸው። ጣትን በምራቅ አርሶ መግለጥ ክልክል ነው። እንቆቅልሹን በእስክርቢቶ መሙላት ክልክል ነው። ጮክ ብሎ ማንበብም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ጮክ ብሎ ማንበብ የአቶ ደገፉ ብቻ ሥራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያ ቀን ከሁምቦ፣ ከዲምቱ፣ ከጉኑኖም የመጣው ገበሬና ነጋዴ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ፣ እነዚህ ሰዎች ወረቀት ላይ ምን አፍጥጠው ነው የሚስቁት እያለ ይጠይቅ ጀመር። ፊደሉን ያላወቀ አለ፤ ፊደሉን አውቆ አማርኛው የማይገባው አለ። አቶ ደገፉ ሳጥን ላይ ወጡና የሳምንቱን ጋዜጣ በወላይትኛ መናገር ያዙ። አፋቸው ጣፋጭ ነበር። የሚኒስትሮቹን ስብሰባ እንኳ ሲናገሩት የሠርግ ያህል ይደምቃል። ዝናብ ጠፋ የሚል ዜና ከሆነ የከሱትን ከብቶች በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ገበያተኛው ቅቤውን ሳይሸጥ ይውላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በሶዶ ግን ጉድ ሳይሰማ ገበያ አይፈታም ነበር።

ቀጥሎ መጽሔቶቹ መጡ። ባለ ቀለም ሽፋን፣ የፍቅር ታሪክ፣ የጤና ምክር፣ በየወሩ ልብ አንጠልጥሎ የሚተው ተከታታይ ልብ ወለድ። መጽሔት የሚያነቡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዷ በከተማው የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የመዘምራን መሪ የነበሩት ወ/ሪት ፈጠነች ቦልቴ ናቸው። ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጃንጥላቸውን በረንዳው ላይ አሳርፈው አንድ መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ አይሄዱም። አንድ የገበያ ቀን ታዲያ አቶ ደገፉ ከዚያው ካነበቡት መጽሔት ሲተርኩ ሰሟቸው። ሰው ሁሉ ሲበተን ጠጋ ብለው፣ እኔ ባነበብኩት ውስጥ በሬ የሚባል ነገር የለም፣ በሬው ከየት መጣ ብለው አፋጠጧቸው። ሁለቱ የተዋወቁት በዚህ በሌለ በሬ ምክንያት ነው።

በ1988 ዓ.ም. አቶ ደገፉና አቶ ሳሊህ ከሱቁ ጀርባ ያለውን መጋዘን ቪዲዮ ቤት አደረጉት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ሳጥን ካሴት። መስኮቱ በማዳበሪያ ተሸፈነ፤ ተመልካቹ ጆንያ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። የበርበሬ ጆንያ የደረሰው እያስነጠሰ ያያል። የሕንድ ፊልም መጣ፣ የካራቴ ፊልም መጣ፣ የፈረንጅ ተኩስ መጣ። አቶ ደገፉ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በትር ይዘው ቆመው በወላይትኛ ይተርካሉ። በእሳቸው አፍ የሕንዱ ልጅ የዲምቱ ልጅ ይሆናል፤ ካራቴ የሚማታው ቻይና አጎቱ ጉኑኖ ይኖራሉ፤ የሽፍታው አገር ብቻ አይነገርም፤ ከማዶ ነው ይባላል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም። ከኋላህ መጣልህ እያለ ይጮኻል፣ ለተበደለችው ያለቅሳል፣ ለበዳዩ ይራገማል። ጋዜጣ ሲያነቡ ሰው አንድ በአንድ ነበር የሚገባው፤ አሁን መጋዘን ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይስቃል፣ በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል! አቶ ደገፉ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ በደስታ ይንተባተቡ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ወ/ሪት ፈጠነችን እንዲያጩላቸው ወደ አባታቸው ወደ አቶ ቦልቴ ሽማግሌ ላኩ። አቶ ቦልቴ የሁምቦ ተወላጅ፣ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው የታሰሩ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። እውነተኛ ሰው ናቸው፤ በቀልድ እንኳ ነገር አይጨምሩም። ለተላኩት ሽማግሌዎች የሰጡት መልስ አጭር ነበር።

«ልጄን ለጨለማ ቤት አልድርም። መስኮት ሸፍኖ ውሸት የሚተርክበትን ቤት ይዝጋና ይምጣ።»

አቶ ደገፉ ይህን ሲሰሙ ታመው ተኙ። ፈጠነችን ይወዳሉ፤ ቪዲዮ ቤታቸውንም ይወዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን አባታቸውን አቶ ባዳቾን ገና በወጣትነታቸው በሞት ስለተነጠቁ፣ እኚህ ቀጥ ያሉ ሰው ልጄ ብለው እንዲጠሯቸውና ቤታቸው ገብተው አንድ ማዕድ እንዲቆርሱላቸው አጥብቀው ተመኙ። ይህ ምኞት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አብሯቸው ኖሯል።

አቶ ደገፉም የዚያው አጥቢያ አባል ነበሩና ቤተ ክርስቲያኗ ነገሩን በሥርዓቱ ያዘችው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ወንድም ሲስት በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ሄዶ ይመክረዋል፤ ካልሰማ ሁለት ምስክር ይዞ ይመለሳል፤ ያንንም ካልሰማ ለጉባኤ ይነገራል። አቶ ቦልቴ የልጃቸው ጉዳይ ስላለበት አድሏል እንዳይባሉ አልሄዱም፤ ሌላ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌው መጋዘኑ ሲደርሱ ፊልሙ ተጀምሯል። ሰው እስኪወጣ ልታገሥ ብለው ጥግ ካለ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። በባቡር ጣቢያ ከአባቷ ስለተለያየች ልጅ ነበር የሚተረከው። ልጅቷ አድጋ፣ አባቷን ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ የቤቱን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ መብራት ጠፋ። ሽማግሌው ምክሩን ረስተው ከቤት ወጡ ይባላል። ለሥርዓቱ ሲባል በሌላ ቀን ሁለት ምስክሮች ይዘው ተመለሱ። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ምስክሮቹ ከመሐል ስለገቡ ነገሩ እንዳይደናገራቸው ሽማግሌው እስካሁን የሆነውን በጆሯቸው ሲያስረዷቸው ቆዩ። በሩ ሲከፈትና አባትየው ሲወጣ ሦስቱም ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እነዚህ ሰዎች ግን ውሸት አያውቁም። ጉባኤው በተሰበሰበበት እሑድ ተነሥተው የሆነውን አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ ታዲያ ልጅቷን አባቷ ተቀበላት ወይ ብለው ቢጠይቁ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ አቶ ቦልቴ ጠረጴዛውን መቱት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ለጥቂት ወራት፣ አቶ ደገፉ ደግሞ ቪዲዮ ቤቱን እስኪዘጉ ድረስ ከጌታ ራት እንዲታገዱ ተወሰነ።

ወ/ሪት ፈጠነች አለቀሱ፣ ጸለዩ፣ አሰቡ። ከዚያም አንድ ዓርብ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ በረንዳው መጡና፣ ቤቱን ዝጋ አልልህም፣ የሚያሳፍረኝን ነገር ግን አትተርክበትም ብለው ቃል አስገቧቸው። መጋቢት 1990 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ የማይሆን ነገር ሲመጣ በትራቸውን ጥለው በሰውነታቸው ቴሌቪዥኑን ይሸፍኑት ነበር። ከሠርጉ አቶ ቦልቴ ቀሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ አዛለች ግን ገበያ ደርሼ መጣሁ እያሉ በየሳምንቱ የልጃቸውን ቤት ይጎበኙ ነበር፤ ዘንቢላቸው ባዶ ሄዶ ባዶ ሲመለስ አቶ ቦልቴ አላየሁም ይላሉ። ሳሚ ተወለደ፣ ኢየሩሳሌም ተወለደች። አያታቸው ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይስማሉ፣ ይመርቃሉ፤ ከአባታቸው ጋር ግን ከሩቅ ባርኔጣ ከማንሣት አያልፉም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል።

አቶ ደገፉ በዚህ ሁሉ መሐል ሥራቸውን አልተዉም። ካሴቱ ሄዶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሄዶ ዲቪዲ መጣ፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን ይቦርቁ ነበር። የአማርኛ ፊልሞች በብዛት መሠራት ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ሰልፍ ተሰልፈዋል። ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን በጋሪ ጭነው ዲምቱና ሁምቦ ድረስ ወርደው አሳይተዋል። ሁምቦ ሙቀቱ ብርቱ ነውና ተመልካቹ በየዛፉ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ሦስት ሰው ጋቢ ወጥሮ ይቆማል። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ጋዜጦች እየተመናመኑ ሲሄዱ በረንዳው ቀዘቀዘ፤ በዚያ በጣም አዝነዋል። በ1999 ዓ.ም. ግን የቪዲዮ ካሜራ ገዙ። እስከዚያ ድረስ የሰው አገር ፊልም ነበር ወላይትኛ የሚያስተምሩት፤ አሁን ራሱ ወላይታ ቴሌቪዥን ውስጥ ገባ! የዘመን መለወጫችንን የጊፋታን በዓል፣ ሠርጉን፣ ምርቃቱን ቀረጹ። ሰው ራሱን ለማየት መጋዘኑን አጨናነቀው። አንዲት ሙሽራ የገዛ ሠርጓን አይታ፣ ይህን ያህል ሰው መምጣቱን አላወቅኩም ነበር ብላ እንደገና አልቅሳለች።

በ2003 ዓ.ም. አቶ ቦልቴ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሳሉ ወ/ሮ አዛለች በድንገት አረፉ። ሐኪሞቹ ዓይናቸው ቀዶ ጥገና ላይ ስለሆነ ድንጋጤና ልቅሶ እንዳይነካቸው አሳሰቡ፤ ቤተሰቡም መርዶው ሲመለሱ ይነገር ብሎ ወሰነ። አርባ ዓመት አብረው የኖሩትን ሚስት ባልየው ሳይቀብሩ ሊቀሩ ነው። በዚያን ጊዜ ወ/ሮ ፈጠነች ባለቤታቸውን፣ አባቴ ቢያንስ ይይ፣ ካሜራህን አምጣ ብለው ለመኗቸው።

አማች አማቱን ተሸክሞ ይቀብራል። በእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ግዴታ የለም። አቶ ደገፉ ግን ቃሬዛው ሲነሣ ትከሻቸውን ለካሜራው ሰጡ። ሰው አጉረመረመ። አማቱን ሲቀብር ፊልም ያነሣል ተባለ፤ ይህን የሚሉት በቀጥታ በካሜራው ፊት ስለሆነ ድምፃቸው ሁሉ ተቀርጿል። አቶ ደገፉ እንባቸው በካሜራው ላይ እየወረደ፣ ከቤት እስከ መቃብር አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ቀረጹ።

አቶ ቦልቴ በተመለሱ ማግስት ማለዳ መርዶው ተነገራቸው። ዓይናቸውም አልዳነም፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር የሚያዩት ነገር አልነበረም። ለቅሶ ደራሹ ሲያልቅ፣ አማችህ ቃሬዛ አልነካም የሚለው ወሬ ደረሳቸው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ልጃቸውን ወ/ሮ ፈጠነችን፣ ወደዚያ ቤት ውሰጂኝ አሏቸው።

አቶ ሳሊህ ተመልካቹን አስወጥተው በሩን ዘጉ። በመስኮቱ ላይ ያለውን ማዳበሪያም ሊያወርዱ ሲሉ አቶ ቦልቴ፣ ለእኔ ያው ነው፣ ተዉት አሉ። ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አቶ ደገፉ ፊልሙን ከፈቱ። ልቅሶው ተሰማ፣ መዝሙሩ ተሰማ፤ አቶ ቦልቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ቆዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ንገረኝ» አሉ። «ለእነርሱ እንደምትነግራቸው ግን አይሁን። ያለውን ብቻ።»

አቶ ደገፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጨምሩ የኖሩ ሰው በዚያን ቀን አንዲት ቃል አልጨመሩም። በበሩ የወጣው ሳጥን ምን ቀለም እንደሆነ ነገሯቸው። ከዲምቱ ማን እንደመጣ፣ ከጉኑኖ ማን እንደመጣ፣ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንዳለቀሰ ነገሯቸው። የወ/ሮ አዛለች ጎረቤቶች ዘንቢላቸውን ይዘው መምጣታቸውን፣ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ፈትተው በእግር መከተላቸውን፣ ኮረብታው ላይ የተተከለው ዛፍ ማደጉንና ጥላው እስከ መቃብሩ መድረሱን ነገሯቸው። አቶ ቦልቴ እያቋረጡ ይጠይቃሉ፤ የሚታየውን ይመልሱላቸዋል፤ ካልታየም አይታይም ይላሉ። የቃሬዛው ተራ ደረሰ። አቶ ደገፉ የተሸካሚዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠሩ።

አቶ ቦልቴ፣ የአንተን ስም አልሰማሁም አሏቸው።

አቶ ደገፉ በትራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «አልተሸከምኩም፣ አባቴ» አሉ። «ይህን ይዤ ነበር።»

አቶ ቦልቴ ተነሡና በእጃቸው እየዳሰሱ መጥተው የአማቻቸውን ትከሻ ያዙ።

«እነርሱ እስከ ጉድጓዱ ነው የተሸከሟት» አሉ። «እኔ ዘንድ ድረስ ተሸክመህ ያመጣሃት አንተ ነህ፣ ልጄ። ተነሥ፣ ቤትህ ውሰደኝ፤ ርቦኛል።»

ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። ወ/ሮ ፈጠነች እየሮጡ ጎረቤት ቅቤ ሲበደሩ፣ አቶ ሳሊህ ከሱቅ ያገኙትን ሁሉ ሲልኩ፣ ቆጮው ደርሶ ዳጣ በርበሬው ተፈጭቶ እስኪቀርብ ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ነበር። አቶ ደገፉ ያን ቀን ምግብ አልወረደላቸውም፤ ሲያለቅሱና ሲስቁ ነው የዋሉት። ብዙም ሳይቆይ አቶ ቦልቴ ጉባኤውን አስጠርተው፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የጣልኩት እገዳ ይነሣ ብለው ጠየቁ፤ ተነሣም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ዓመታት ለአቶ ደገፉ የሠርግ ዓመታት ናቸው። አቶ ቦልቴ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ በኢየሩሳሌም እጅ እየተመሩ ይመጣሉ። አማቻቸው ጋዜጣ ከተገኘ ጋዜጣ፣ ዜና ሰዓት ከሆነ ዜና፣ አለዚያም ፊልም ይነግሯቸዋል። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እግዚአብሔር ይወቅ! አቶ ቦልቴ ከፊልም የማይለዩ ሆኑ። ከሃዲ ሲያጋጥማቸው በከዘራቸው ወለሉን ይመታሉ፤ የሚወዱት ሰው ሊሞት ሲል፣ እስኪ አቁመው፣ እንጸልይለት ይላሉ። አቶ ደገፉም ቀስ በቀስ ወደ ጥንቱ አመላቸው ተመለሱ። በሬ መግባት ጀመረ። አቶ ቦልቴ ያውቃሉ፤ አሁን የነገርከኝ እዚያ አለ ወይስ ከአንተ ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ተዘጋ። ሰው ሁሉ ፊልሙን በስልኩ ይዞት መሄድ ሲጀምር ወደ መጋዘኑ የሚመጣ ጠፋ። እኛ ያዝናሉ ብለን ስንፈራ እሳቸው ስልክ ገዝተው ዜናና ፊልሙን በወላይትኛ እየተረኩ ድምፃቸውን መቅዳት ያዙ። ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ተላለፈ። አንድ ቀን ዲምቱ ለልቅሶ ሄደው የተሳፈሩበት ባጃጅ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ፣ ለሹፌሩ እኔ ነኝ ቢሉት፣ ሰውዬው የእርስዎ ድምፅ ቀጭን ነው ብሎ አላመናቸውም። ይህን ሲያወሩ እስኪያለቅሱ ይስቁ ነበር። ሳጥን ላይ ቆሜ ገበያው ድረስ ብቻ ነበር ድምፄ የሚሰማው፣ አሁን ያላየሁት ሰው ሁሉ ቤት እገባለሁ ይሉ ነበር።

አቶ ደገፉ በ2008 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሶዶና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነውም ጠያቂውን ያስቁት ነበር። አቶ ቦልቴ ከአልጋቸው አጠገብ ወንበር አስደርገው ይውሉ ነበር፤ የአቶ ደገፉ ድምፅ ሲደክም እሳቸው በተራቸው የሁምቦን የድሮ ነገር ይነግሯቸዋል፤ እውነቱን ብቻ፣ አንድም ሳይጨምሩ። አቶ ደገፉም፣ አባቴ፣ ትንሽ ቢጨምሩበት ምናለ እያሉ ይማጸኗቸው ነበር። መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ደገፉ ባለትዳርና የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፈጠነች ቦልቴን፣ ልጆቻቸውን ሳሚ ደገፉንና ኢየሩሳሌም ደገፉን፣ እናታቸውን ወ/ሮ ሽታዬን፣ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን፣ ባልንጀራቸውን አቶ ሳሊህ ኸይሩን፣ አባታቸውንም አቶ ቦልቴን ትተው ሄደዋል። አማታቸው ያላልነው በስሕተት አይደለም። አቶ ቦልቴ ራሳቸው አባቱ ብላችሁ ጻፉ ብለውናል።

በትናንትናው ዕለት አቶ ቦልቴ አንድ ነገር ጠየቁን። «ነገ የሚሆነውን ማን ነው የሚነግረኝ?» አሉ። ኢየሩሳሌም፣ እኔ እነግርዎታለሁ አለች። ይኸው አሁን ከፊት ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቆመ፣ ሳጥኑ ምን ቀለም እንደሆነ በጆሯቸው እየነገረቻቸው ነው።

እግዚአብሔር ለተናገሩት ሁሉ ምላሳቸውን፣ ላሳቁት ሁሉ ነፍሳቸውን ይባርክ፤ መስኮት በማይሸፈንበት ቤት ያኑራቸው፤ ለወ/ሮ ፈጠነችና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ። እናንተ ቃሬዛውን የምትሸከሙ ወንድሞች ግን እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ልጅቷ የእያንዳንዳችሁን ስም ለአያቷ ትጥራላቸው።